የማይጎድለው ድስት

ቄስ ጓዳ ሲገባ ሰው አይስቅበትም፤ ያፍርለታል። ይኼ ደግሞ ከሳቁ ይብሳል። መካነ ሰላም ላይ ጠዋት ጠዋት መስቀሌን ተሳልመው የሚያልፉ ሰዎች፣ ከሰዓት በኋላ እንባዬን እየጠረግኩ ሽንኩርት ስከትፍ ቢያዩኝ እነሱም እኔም የምንገባበት አልነበረንም። ስለዚህ ወጥ መሥራት የተማርኩት በር ዘግቼ ነው። ጭሱም አብሮኝ ተዘጋበት፤ ዓይኔ እስካሁን አልዳነም።

ሚስቴ በጥቅምት ሞተች። ሕመሟ አጭር ነበር፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው የለኝም። "ያልቅሱ እንጂ፣ ይውጣልዎት" ይሉኝ ነበር። ምኑ ይውጣ? ውስጤ የቀረ ነገር አልነበረም። ፍትሐቱን ከሌሎቹ ካህናት ጋር ቆሜ አደረስኩ፤ ዜማው አንድ ቦታ እንኳ አልተሰበረብኝም። ሰዉ "ምን ያለ ጽኑ ሰው ነው" አለ። ጽኑ አልነበርኩም፤ ደንዝዤ ነው። ተጣጥፈህ ብዙ ስትቀመጥ እግርህ ይደነዝዝና መሬት መርገጥህን አታውቀውም፤ እኔ መላ ሰውነቴ እንደዚያ ሆኖ ወራት ቆየ። እቀድሳለሁ፣ ቤቴ እመጣለሁ፣ እተኛለሁ።

ካህን ሚስቱ ከሞተችበት ሌላ አያገባም፤ ካገባ ክህነቱን ይተዋል። ይኼን አገሩ ሁሉ ስለሚያውቅ ማንም "ሌላ ያግቡ" አላለኝም። ያሉኝ "ልጅቱን ይስጡ" ነው። አንዲት ልጅ አለችን፤ ያኔ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ሦስተኛ ክፍል። የሚስቴ ታላቅ እህት ወረኢሉ ይኖራሉ። ባላቸው ከብት ነጋዴ ናቸው፤ ቤታቸው ሙሉ ነው፣ ልጆቻቸው አግብተው ወጥተዋል። በአርባው ተዝካር ቀን፣ ሰዉ በልቶ ሲበተን፣ ወደ ጥግ ጠሩኝ።

"ቄሴ፣ ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም። ምን ሊያበሏት ነው? እኔ እወስዳታለሁ።"

"አበላታለሁ" አልኳቸው።

"አንቱ? ውሃ እንኳ አፍልተው ያውቃሉ?"

"የቤተ ክርስቲያኑን ኅብስት የምጋግረው ማን ይመስልዎታል?"

ይኼ ውሸት አይደለም። የቁርባኑን ኅብስት ሴት አትጋግረውም፤ ቤተልሔም ገብተን ስንዴውን የምናቦካውም የምንጋግረውም እኛው ነን። ከዲቁና ጀምሮ እጄ ሊጥ ያውቃል። እሳቸው ግን ነጠላቸውን አስተካከሉና፣

"እሱ ለነፍስ ነው፤ እኔ የምለው ስለ ሆዷ ነው" አሉኝ። ቀጠሉና "እስከ ፋሲካ ልታገሥዎት። ከፋሲካ በኋላ እመጣለሁ። አምሮባት ካገኘኋት ትቆይልዎት። ከስታ ካገኘኋት ግን አልለምንዎትም፤ ይዣት ነው የምሄደው" አሉ።

እሺ አልኩ። ልጄን ማጣት እንደማልችል አውቅ ነበር፤ አውቀው ነበር እንጂ አልተሰማኝም። ሰው የቤቱን ቁልፍ የት እንዳስቀመጠ እንደሚያውቀው ነው ያወቅኩት።

ተዝካሩ ቤቱን ጠርጎት ሄደ። ቄስ ደግሞ ትንሽ ተዝካር ማውጣት አይችልም። የስንቱን ቤት ተዝካር በልቼ፣ ስንቱን ባርኬ፣ የራሴን ሚስት በሁለት እንስራ ጠላ ልሸኛት? ጤፉም ስንዴውም አለቀ፤ በጉም ታረደ። የቀረን ግማሽ ጆንያ ገብስ፣ ትንሽ ባቄላና አተር፣ ሚስቴ አስፈጭታ ያስቀመጠችው በርበሬ ነው። ከሰበካው የማገኘው ገንዘብ ዘይትና ሳሙና ገዝቶ ለልጅቱ ደብተር ከተረፈ ተመስገን ነው። የሚቀጥለው እህል እስኪደርስ በዚያ መክረም ነበረብን።

መጀመሪያ የሠራሁት ወጥ ሽሮ ነው። ምን ይከብዳል ብዬ የፈላ ውሃ ላይ ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ገለበጥኩት። ጓጎለ። ሳማስለው ሥሩ ያዘ፤ ሥሩን ስፍቅ ላዩ ገነፈለ። ጎረቤቴ ገበያ ላይ ቅመም የምትሸጥ ሙስሊም ሴት ናት፤ ሽታው ደርሷት ከአጥሩ ወዲያ ጠራችኝ።

"ቄሴ፣ የሚቃጠለው ቤት ነው ወጥ?"

"ወጥ ነው።"

"አልሃምዱሊላህ፣ ቤት መስሎኝ ደንግጬ።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ አስተማሪዬ እሷ ሆነች። ወደ ቤት አትገባም፤ አጥር ላይ ሆና ነው የምታስተምረኝ፤ እኔ ወጣ ብዬ እሰማና ተመልሼ በር እዘጋለሁ። "ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ያብስሉት፣ በራሱ ውሃ፤ አይቸኩሉ። ዘይቱን መጨረሻ ላይ አንድ ማንኪያ ብቻ ከላዩ ጠብ ያድርጉት። ከላይ ሲሆን ሽታው ቀድሞ ይመጣል፣ ብዙ ያለው ይመስላል" አለችኝ። ወላሂ ብላ ነው የነገረችኝ፤ እውነቷን ነው። ዘይት እንደዚያ በተወደደበት ጊዜ አንድ ጠርሙስ ከወር በላይ ቆየችልኝ። እንጀራውን ግን አልሆነልኝም። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ከምጣዱ ላይ በማንኪያ ፋቅኩት። "ይተዉት፣ ዱቄቱን ያምጡልኝ፣ የኔን ስጋግር የናንተንም እጋግራለሁ" አለችኝና በዚያው ቀረ።

ሰው ኪሱ ሲሳሳ ምግቡም አብሮ የሚሳሳ ይመስለዋል። ወሬ ነው። ሥጋ መግዛት ያልቻለ ሰው እሳት ዳር መቆየት ይችላል፤ እኔ ቆየሁ። ድንች የቀቀልኩበትን ውሃ አልደፋም፤ ሽሮውን የምበጠብጠው በእሱ ነው፣ ወፈር ይልልኛል። የጎመኑን ወፍራም አገዳ ሌላው ሰው ለከብት ይጥለዋል፤ እኔ ልጣጩን ገፍፌ ከድንቹ ጋር አደቅቀዋለሁ። ባቄላውን ነክሬ አሳድራለሁ፤ ግማሹ ንፍሮ ይሆናል፣ ግማሹ ተፈልፍሎ በሽንኩርትና በቃሪያ ወጥ ይሆናል። ከገብሱ ቂንጬ ከክቼ ለልጅቱ ቁርስ አደርጋለሁ። ዳቦ ደግሞ የእጄ ሙያ ነው፤ የገብስ ዳቦ በጥቁር አዝሙድ ጋግሬ ነጭ ሽንኩርት በቃሪያ ደቁሼ ሳቀርብላት፣ ይኼን የድሃ ምግብ የሚል ሰው ካለ ይምጣና እኔ ፊት ይበለው።

ለሁዳዴ ስልጆ ጣልኩ። ስልጆ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተገንፍቶ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ቀን እየቆጠረ የሚኮመጥጥ የጾም ምግብ ነው፤ አንዴ ከተሠራ ሳምንት ይበላል። በመጀመሪያው ሙከራ ሳይበርድ ሰናፍጩን ጨመርኩበትና ሞተብኝ፤ የባቄላ ገንፎ ሆኖ ቀረ። ያንንም በልተነዋል። ሁለተኛው ግን አፍንጫ የሚሰረስር ሆኖ ወጣ። አንድ ሳህን በአጥር አሻግሬ ለጎረቤቴ ሰጠኋት። ቀመሰችው፣ ዓይኗ እንባ ሞላ፣ "ቄሴ፣ እንግዲህ ከእኔ የሚማሩት የለም" አለችኝ።

ይኼን ሁሉ እየነገርኩ ያለሁት ተኩራርቼ ነው፤ አፉ በሉኝ። ያኔም ኮርቼ ነበር። ሌላ የሚሰማኝ ነገር ስላልነበረ፣ ስለ ወጤ ብቻ ይሰማኝ ነበር።

ግን እህሉ ትንሽ ነበር፤ ብልሃት እህል አይጨምርም። ወጡን ሠርቼ ስጨርስ ድስቱን ሳየው ለሁለት ሰው በደንብ አይሆንም። ለአንድ ሰው ግን በደንብ ይሆናል። ስለዚህ ማታ ትሪውን ለልጄ አቀርብላትና "እኔ ጾም ነኝ" እላታለሁ። ጠዋት በቤተ ክርስቲያን ጾም መዋል ሥራዬ ነው፤ ማታ መጾም ግን ሥራዬ አይደለም። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በሁዳዴም ቢሆን ከሥጋና ከቅቤ እንጂ ከእህል መከልከል የለም። በእነዚያም ቀኖች "ጾም ነኝ" አልኳት። ለሰው ሥርዓት የማስተምር ቄስ ሆኜ ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ዋሸሁ። ውሸት አልመሰለኝም። ከምድጃው ሥር የተረፈ ቂጣ ቆርሼ ውሃ ጠጥቼ እተኛ ነበር፤ ረሃቡም እንደሌላው ነገር ሁሉ ከሩቅ ነው የሚሰማኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ማየት ጀመርኩ። ድስቱ አልጎድል አለ።

ጠዋት ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት ሠርቼ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ እንድትበላ ከድኜ እሄዳለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ ስመለስ ክዳኑን እከፍታለሁ፤ ወጡ ከግማሽ በላይ አለ። "በልተሻል?" እላታለሁ። "በልቻለሁ አባ" ትለኛለች። አንዳንድ ቀን "ጾም ነኝ አባ" ትለኛለች። ልጅ ነሽ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይበቃሻል ስላት እስከ ዘጠኝ ትቆያለች። ለሁለት ቀን የሠራሁት ሽሮ ሦስት ቀን ይበላል። ስልጆው ሳምንት አልፎት ሁለተኛውን ያዘ።

መጀመሪያ ሙያዬ መሰለኝ። በደንብ ተሠርቶ ሲወፍር ትንሹም ያጠግባል ብዬ አሰብኩ። ቆይቶ ግን ሌላ ነገር አሰብኩ፤ በረከት ገባበት አልኩ። ይስቃል የሚሰማኝ ሰው። ግን ቄስ ነኝ፤ የመበለቲቱ የማይጎድል የዱቄት ማሰሮ ታሪክ ሲነበብ ያደግኩ፣ ራሴም ለሰው ያነበብኩ ሰው ነኝ። አንድ ነገር ሳይጎድል ሲቀር ማን ሳይበላ ቀረ ብዬ አልጠይቅም፤ ማን ባረከው ብዬ ነው የምጠይቀው። ማታ ማታ ድስቱ ላይ መስቀሌን አሳርፌ እጸልይ ጀመር። ለጎረቤቴም ነገርኳት።

"አልሃምዱሊላህ" አለች። ቀጥላም "ልጅቱ ግን ቀጠነችብኝ" አለች።

"እየረዘመች ነው" አልኳት።

ስለ ጾሟም ለሰበካው ሰዎች አወራሁ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ትጾማለች አልኩ። "የካህን ልጅ እንዲህ ነች እንጂ" አሉ። ሚስቴ ከሞተች ወዲህ ደስ ያለኝ ያን ቀን ነው።

ፋሲካ መጣና አለፈ። ጎረቤቱ ቅርጫ ካረደው ላከልን፤ ሦስት ቀን ቆየና አለቀ። ከዚያ ወደ ገብሳችን ተመለስን። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው ሃምሳ ቀን ጾም የለበትም፤ ረቡዕም ዓርብም ይበላል። መጾም ራሱ ክልክል ነው፤ ይኼን መድረክ ላይ ቆሜ ያስተማርኩት እኔው ነኝ። ግን አፌ ለምዶት ማታ ትሪውን ሳቀርብላት "ጾም ነኝ" እላታለሁ። ልጅ ናት፣ ቀን አትቆጥርም ብዬ ነው። ታየኛለች። እስክትበላ ሳልጠብቅ እኔ ቀድሜ እተኛለሁ።

የሚስቴ እህት በሃምሳው በአንዱ ረቡዕ መጡ። ሁለት መኪና ቀይረው ነው የመጡት፤ በዘንቢል እንቁላልና ቅቤ ይዘዋል። ልጄ ገና ከትምህርት ቤት አልመጣችም ነበር። "ይቀመጡ" አልኩና ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን ሳልዘጋ ጓዳ ገባሁ። ይዩኝ አልኩ። ሽንኩርቱን በራሱ ውሃ አበሰልኩ፣ በድንች ውሃ ሽሮውን በጠበጥኩ፣ ከቅቤያቸው ትንሽ ከላይ ጠብ አደረግኩ፣ እንቁላሎቹን ቀቅዬ ከተትኩበት። ጎመን በድንች አደረግኩ። ትላንት የጋገርኩትን ዳቦ ቆርሼ ከጎረቤቴ እንጀራ ጋር አቀረብኩ። እሳቸው በርጩማው ላይ ሆነው ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አላነሱም።

በሉ። አንድ ጊዜ ጎረሱ፣ ሁለተኛ ጎረሱ። ቆይተው፣

"እህቴ እንዲህ አድርጋ አትሠራውም ነበር" አሉ።

ወቀሳ መሰለኝ።

"ይኼ ይበልጣል" አሉ። እጃቸውን ከትሪው ላይ አንሥተው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። "እንግዲያስ ልጅቱ አንቱ ዘንድ ትሁን። ይኼን የምትበላ ልጅ ምን ትሆናለች።"

ፈንድቄ መነሣት ነበረብኝ። "እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብቻ አልኩ።

ልጄ ከነቦርሳዋ ገባች። የእናቷን ሹራብ ለብሳለች፤ እጅጌው ጣቷን ይሸፍናል። አክስቷን ስማ አጠገባቸው ተቀመጠች። ወዲያው ከእንቁላሉ ጋር ጠቅልለው ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘረጉ። ፊቷን መለስ አደረገች።

"ጾም ነኝ እትዬ።"

አክስቷ ሳቁ። "የምን ጾም? በሃምሳ? የቄስ ልጅ ሆነሽ በሃምሳ ጾም እንደሌለ አታውቂም?"

"አውቃለሁ" አለች። "አባም በሃምሳ ይጾማሉ።"

ወደኔ ዞሩ። እኔ ትሪውን እያየሁ ነበር።

"ማታ ማታ ይጾማሉ" አለች ልጄ፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስላል። "እኔ ከበላሁ ለአባ አይተርፍም። ስለዚህ እኔም እጾማለሁ።"

የሚስቴ እህት የሹራቡን እጅጌ ወደ ላይ ሰበሰቡና ክንዷን ከላይ ጨበጡት። አውራ ጣታቸውና መሃል ጣታቸው ዞረው ተገናኙ። እንደተገናኙ ትንሽ ቆዩ። እኔ ያን ክንድ በየቀኑ ነው የማየው፤ ማየቴን እንጃ።

"ይብሉ" አሉኝ።

"እኔ..."

"ቄሴ፣ ይብሉ ብዬዎታለሁ።"

ጠቀለልኩና ጎረስኩ። ልጄ አፌን ታያለች። እስክውጥ ጠበቀች። ሁለተኛ ጎረስኩ፤ አሁንም ጠበቀች። ሦስተኛውን ስውጥ እጇን ሰደደች።

ልጄ እንደዚያ ስትበላ አይቼ አላውቅም። አታላምጥም። እንቁላሉን ሙሉውን አፏ ውስጥ ከተተችው፤ ሳትውጠው ዳቦውን ታነሣለች። ሁለቱም እጇ ትሪው ላይ ነው። አክስቷ ውሃ ሲያቀርቡላት ጣሳውን በክርኗ ገፋችው። ትሪው ላይ ያለው ወጥ አለቀ፤ ከድስቱ ጨመርኩላት፤ እሱም አለቀ። ድስቱን አቅርቤ ሰጠኋት፣ በዳቦ ጠረገችው። ወራት ሙሉ መስቀል ያሳረፍኩበት ድስት ባንድ ቁጭታ ባዶ ሆነ። የምኮራበትን ወጥ ያበዛው የእሷ ረሃብ ነበር።

ያኔ ተሰማኝ። ከጥቅምት ጀምሮ ያልተሰማኝ ሁሉ አይደለም፤ ያ ገና ቆይቶ ነው የመጣው። የተሰማኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጄ እርቧት እንደከረመች።

የሚስቴ እህት እወስዳታለሁ አላሉም። ቀድመው የተናገሩትን ሊያፈርሱ አልፈለጉም መሰለኝ፤ ወይም ደግሞ አዝነውልኝ ይሆናል።

"ይዘዋት ይሂዱ" አልኳቸው። "ነገ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና።"

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልጄ እጇን ከድስቱ አወጣች። አፏ ሙሉ ነበር፤ እንደምንም ዋጠችው። አፏን በእናቷ ሹራብ እጅጌ ጠረገች።

"ስለበላሁ ነው አባ?" አለችኝ።

"አይደለም" አልኳት። አላመነችኝም፤ ስንት ወር ሙሉ ስዋሻት ነው የከረምኩት።